ዞጲን እንዴት እንሥራው? ከእንጨት ምርጫ እስከ ቢላ እጀታ

ዞጲ ወይም በተለምዶ ኢቦኒ የምንለው እንጨት ውድ ነው። ሲሠሩትም ያስቸግራል። ሥራው ሲያልቅ ግን በእጅ መያዙ ብቻ ያስደስታል። ብዙ ሰው የሚያውቀው በፒያኖ ጥቁር ቁልፎች፣ በቫዮሊን የጣት ሰሌዳና በቼዝ ጠጠሮች ነው። እዚህ የማሳያችሁ ግን ቤት ውስጥ በእጅ መሣሪያ የሚሠራ ነገር ነው፤ እጀታው ለተሰበረ የወጥ ቤት ቢላ አዲስ የዞጲ እጀታ። ቢላን የመረጥኩት ትንሽ እንጨት ስለሚበቃው ነው። ደግሞ መቁረጥ፣ መላግ፣ መብሳት፣ ማጣበቅና ማለስለስ ሁሉም አለበት። ይህን የሠራ ሰው ሌላውን የዞጲ ሥራ አይፈራም።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። ይህን እንጨት የሚያበላሹት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ሙቀትና ድንገተኛ ድርቀት። ከዚህ በታች የምነግራችሁ ጥንቃቄ አብዛኛው ከእነዚህ ከሁለቱ ለመሸሽ ነው።

የትኛው ዞጲ?

በዚህ ስም የሚሸጡ እንጨቶች ብዙ ናቸው። ለእኛ ሥራ ሁለቱን መለየት ይበቃል።

አንደኛው የመካከለኛው አፍሪካ ኢቦኒ ነው። በካሜሩን፣ በጋቦን፣ በናይጄሪያና በኮንጎ ጫካዎች ይበቅላል። ሳይንሳዊ ስሙ ዲዮስፓይሮስ ክራሲፍሎራ ሲሆን በንግዱ ዓለም የጋቦን ኢቦኒ ይባላል። የግንዱ ልብ ድቅድቅ ያለ ጥቁር ነው። አንዳንዱ ግን ግራጫ ወይም ቡናማ ሰንበር አለው። አንድ ሜትር ኩብ 955 ኪሎ ገደማ ይመዝናል።

ሁለተኛው የምሥራቅ አፍሪካው ዳልበርጂያ ሜላኖክሲሎን ነው። በስዋሂሊ ምፒንጎ ይሉታል፤ የታንዛኒያ ብሔራዊ ዛፍም ነው። በታንዛኒያና በሞዛምቢክ የሚኖሩት የማኮንዴ ሕዝብ ቀራፂዎች የታወቁበት እንጨት ይህ ነው። ክላሪኔትና ኦቦም የሚሠሩት ከእሱ ነው። ከመጀመሪያው ጋር ዝምድና የለውም፤ የባቄላና የአተር ወገን ነው። እኛም አገር አለ። በመተማ፣ በቋራና በሁመራ ቆላ ከዕጣን ዛፎች ጋር ይበቅላል። በነገራችን ላይ የግብፅ ንግሥት ሐትሼፕሱት በእኛ አካባቢ፣ በቀይ ባሕር ዳርቻ እንደነበረች ወደሚታሰበው ጥንታዊት አገር ወደ ፑንት የላከቻቸው መርከቦች ጭነው ከተመለሱት ዕቃ አንዱ ዞጲ ነበር። ታሪኩ ደይር ኤል ባሕሪ በሚገኘው ቤተ መቅደሷ ግድግዳ ላይ እስከ ዛሬ ተቀርጾ ይታያል። የእኛን አካባቢ ዞጲ ዓለም ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል ማለት ነው።

ምፒንጎ በሜትር ኩብ 1,270 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን ውሃ ውስጥ ይሰምጣል። ቀለሙ ጥቁር ቢመስልም ፀሐይ ላይ ስታዩት ወደ ሐምራዊና ቡናማ ይወስደዋል። ሲነኩት ቅባት ቅባት ይላል።

ጥንካሬያቸውን በቁጥር ላሳያችሁ። ጃንካ የሚባለው መለኪያ አንዲት የብረት ኳስ እስከ ግማሿ እንጨቱ ውስጥ እንድትገባ ምን ያህል ኃይል እንደሚያስፈልግ ይለካል። ለነጭ ኦክ 1,350 ፓውንድ ገደማ ነው። ለጋቦን ኢቦኒ 3,080፣ ለምፒንጎ ደግሞ 3,670 ይደርሳል። መጋዛችሁ ለምን ቶሎ እንደሚደንዝ ከዚህ ይገባችኋል።

ለሠሪው ከጥንካሬው በላይ የሚያሳስበው ግን ሌላ ነው። እርጥቡ እንጨት ፈጽሞ እስኪደርቅ ድረስ የጋቦን ኢቦኒ ከመጠኑ 20 በመቶ ያህል ይኮማተራል። ምፒንጎ 8 በመቶ እንኳን አይሞላም። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ወንድማማች ይመስላሉ፤ ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው። ስለዚህ ክረምቱ በማሞቂያ በሚያልፍበት አገር የምትኖሩ ከሆነ ወይም ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሞክሩ ከሆነ ምፒንጎ ይሻላችኋል። ድቅድቁን ጥቁር ቀለም ካልሆነ የሚል ሰው የጋቦኑን ይግዛ፤ ማድረቁ ላይ ግን እጥፍ ይታገስ።

ስትገዙ

ለአንድ ቢላ እጀታ ርዝመቱ 13 ሳንቲ ሜትር፣ ወርዱ 4፣ ውፍረቱ 2 ከግማሽ የሆነ አንድ ቁራጭ ይበቃል። ሁለት የተለያዩ ስስ ቁራጮች ከመግዛት ይልቅ አንዱን ወፍራም ገዝታችሁ ለሁለት ሰንጥቁት። ያኔ ግራና ቀኙ በቀለምም በመስመርም ይመሳሰላል። እርጥበትና ደረቅ ሲፈራረቅም ሁለቱም እኩል ይንቀሳቀሳሉ።

ቁራጩን በወጥ ቤት ሚዛን መዝኑት። በጠቀስኩት ልክ የተቆረጠ የጋቦን ኢቦኒ 125 ግራም አካባቢ መሆን አለበት፤ ምፒንጎ ደግሞ 165። በጣም ከቀለለ ቀለም የተቀባ ሌላ እንጨት መሆኑን ጠርጥሩ። ከልክ በላይ ከከበደ ገና አልደረቀም ማለት ነው። ለመንገደኛ በሚሸጡ ቅርጻ ቅርጾች ላይ የጫማ ቀለም የጠጣ እንጨት ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። የማይታይ ቦታ ላይ በምላጭ ጫፍ ቀስ አድርጋችሁ ፋቅ ብታደርጉት ውስጡ ይናገራል። በአልኮል የተነከረ ጨርቅ አሽቶ ማየትን ግን አትመኑት። እውነተኛውም ቢሆን ትንሽ ቀለም ይለቃል።

ሻጮች ብዙውን ጊዜ እንጨቱን በሰም ሸፍነው ያቀርቡታል። ይህ ጥሩ ነው፤ ቶሎ እንዳይደርቅና እንዳይሰነጠቅ ይጠብቀዋል። ስንጥቅንም ግን ይሸፍናል። ባለቤቱን አስፈቅዱና የሁለቱን ጫፍ ሰም ጥቂት ፋቅ አድርጉ። ከዚያ በእጅ ስልካችሁ መብራት ከጎን እያበራችሁ እዩት። ጸጉር የምታክል መስመር ካያችሁ ተዉት። ያቺ መስመር ወደ ውስጥ ምን ያህል እንደሄደች ከውጭ ማወቅ አይቻልም።

ሰንበር ያለውን ግን አትናቁ። ይህን የምለው በምክንያት ነው። ቴይለር የተባለው የአሜሪካ ጊታር አምራች ከአንድ የስፔን እንጨት ነጋዴ ድርጅት ጋር ሆኖ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2011 ካሜሩን ውስጥ አንድ የኢቦኒ መሰንጠቂያ ገዛ። የድርጅቱ መሥራች ቦብ ቴይለር እዚያ ሲደርስ ከዛፍ ቆራጮች የሰማውን በአደባባይ ተናግሯል። ጥርት ያለ ጥቁር አንድ ዛፍ ለማግኘት አሥር ያህል ይቆረጣል፤ ሰንበር የወጣበት ገዢ ስለሌለው ጫካ ውስጥ ወድቆ ይቀራል። ጥንካሬው አንድ፣ ድምፁ አንድ፣ ልዩነቱ ቀለሙ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ድርጅቱ ሰንበር ያለውን ኢቦኒ በጊታሮቹ ላይ ያለ ሐፍረት ይጠቀማል። በ2016 ደግሞ ከኮንጎ ቤዚን ኢንስቲትዩት ጋር ችግኝ መትከል ጀመረ። ብዙ አሥርት ዓመታት የፈጀ ዛፍ ጥቁርነቱ ስላልሞላ ብቻ ጫካ ውስጥ ሲበሰብስ ማሰብ ያማል። እኛ ገዢዎች ሰንበር ያለውን ብንመርጥ የሚተርፍ ዛፍ አለ። እውነቱን ለመናገር እጀታ ላይ ሰንበሩ ያምራል።

ስለ ወረቀቱም ጥቂት ልበል። ምፒንጎን ጨምሮ የዳልበርጂያ ወገን ከሞላ ጎደል ሁሉ ከጥር 2017 መግቢያ ጀምሮ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ለመጥፋት የተጋለጡ እንስሳትንና ዕፅዋትን ንግድ በሚቆጣጠረው፣ ሳይተስ በተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ሁለተኛ ሠንጠረዥ ውስጥ ገብቷል። ስለዚህ ጥሬውን ምፒንጎ ከአገር አገር ለማሻገር ፈቃድ ያስፈልጋል። ያለቀላቸው የሙዚቃ መሣሪያዎች ከ2019 መጨረሻ ወዲህ ነፃ ተደርገዋል። የማዳጋስካር ኢቦኒም ከ2013 ጀምሮ በዚሁ ስምምነት ተይዟል። ይህ ቀልድ አይደለም። የአሜሪካ መንግሥት በ2009 የጊብሰን ጊታር ፋብሪካን የፈተሸው በማዳጋስካር ኢቦኒ ምክንያት ነበር፤ ኩባንያው በ2012 የ300,000 ዶላር ቅጣት ለመክፈል ተስማማ። ከየት እንደመጣ የሚናገር ደረሰኝ ከሌለው ሻጭ አትግዙ። አገር ቤት ያላችሁም ከቆላው ጫካ ያለ ፈቃድ የተቆረጠ እንጨት አታስመጡ።

ማሳረፍ

የገዛችሁትን እንጨት በዚያው ቀን አትቁረጡት። ካሜሩን ከሚያህል እርጥብ አገር ተነሥቶ፣ በመጋዘን ቆይቶ፣ ደረቅ ቤታችሁ የገባ እንጨት መላመድ አለበት። ሰሙ ባለበት ይቆይ። ከፀሐይ፣ ከምድጃና ከማሞቂያ ራቅ ያለ መደርደሪያ ላይ አስቀምጡት። ከሥሩ ሁለት ቀጫጭን እንጨት አድርጉለት፤ አየር በሁሉም በኩል ይግባው።

ከዚያ በየሳምንቱ መዝኑትና ክብደቱን እዚያው እንጨቱ ላይ በነጭ እርሳስ ጻፉ። መጀመሪያ ላይ ይቀንሳል። መቀነሱ ቆሞ ለተከታታይ ሳምንታት አንድ ዓይነት ቁጥር ካሳየ ደርሷል። የእርጥበት መለኪያ መሣሪያ ያለው ሰው ከ6 እስከ 9 በመቶ ይጠብቅ። በኢትዮጵያ ክረምት ላይ የምትሠሩ ከሆነ ቁጥሩ ከዚህ ከፍ ሊል ይችላል። ቢቻል በጋውን ጠብቁ።

እንጨቱ እርጥብ ሆኖ ካገኛችሁት ለማፋጠን ምድጃ ውስጥም ሆነ ማይክሮዌቭ ውስጥ አታስገቡት። ውጩ ደርቆ ይኮማተራል፣ ውስጡ ገና እርጥብ ነው፣ እንጨቱ ይሰነጠቃል። ይሻላል የምለው ዘዴ አንድ ነው። ለሁለት ሰንጥቃችሁ ጫፍ ጫፉን በሰም ወይም በእንጨት ኮላ ድፈኑና ወረቀት ከረጢት ውስጥ አኑሩት። ስስ እንጨት ከወፍራሙ በጣም ፈጥኖና በሰላም ይደርቃል።

መሣሪያውና ጤናችሁ

የሚያስፈልገው ይኸው ነው፦ ጥርሱ ጥቅጥቅ ያለ መጋዝ፣ በደንብ የተሳለ መላጊያ፣ ሻካራና ለስላሳ ሞረድ፣ ትራፓን (መሰርሰሪያ) ከብረት መብሻ ጋር፣ ሦስት ወይም አራት ሞርሴቶ (ዕቃን አጥብቆ የሚይዝ ማሰሪያ)፣ ኤፖክሲ ኮላ (ሁለት ነገር ተቀላቅሎ የሚደርቅ)፣ አሴቶን (ቅባት የሚያነሣ ፈሳሽ)፣ ከ120 እስከ 1000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት፣ የናስ ዘንግ (በሪቬት ፋንታ እንጨቱን ከብረቱ ጋር የሚያያይዝ)፣ ሰም።

ብናኙን ተጠንቀቁ። የሁለቱም እንጨቶች ብናኝ ዓይንን፣ አፍንጫንና ቆዳን ያስቆጣል። የምፒንጎው በተለይ ቆዳ ላይ ሽፍታ ያመጣል። ክፋቱ ደግሞ ሰውነት አንዴ ከተቆጣ በሚቀጥለው ጊዜ በጥቂቱም ይነሣበታል። ደህና ማስክ አድርጉ፤ የጨርቁ አይበቃም። መነጽርና እጅጌ ያለው ልብስም ልበሱ። ከተቻለ ውጭ ወይም መስኮት አጠገብ ሥሩ። አስም ያለበት ሰው የማለስለሱን ሥራ ለሌላ ሰው ቢሰጥ ይሻለዋል። ሰጋቱራውን በመጥረጊያ ከምታስነሡት በእርጥብ ጨርቅ ሰብስቡት። ነጭ ልብስ፣ ነጭ ምንጣፍ፣ ነጭ ግድግዳ አጠገብ አትሥሩ። ብናኙ እንደ ከሰል ዱቄት ነው፤ ካረፈበት አይለቅም።

ቢላውን ማዘጋጀት

ለዚህ ሥራ የሚሆነው ብረቱ እስከ እጀታው መጨረሻ የሚዘልቅ ቢላ ነው። ግራና ቀኝ እንጨት ተለጥፎበት በሪቬት (በብረት ችንካር) የተያዘው ዓይነት ማለት ነው። የድሮዎቹን ሪቬቶች ራስ በትራፓን ብሱና አውጡ። አሮጌውን እንጨት አንሡ። ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት አጽዱና ብረቱን ሻከር ያለ አድርጉት፤ ኮላ ልሙጥ ብረት አይወድም። ከዚያ ስለቱን በካርቶን ጠቅልላችሁ በፕላስተር እሰሩት። ሥራው እስኪያልቅ አይፈታ። በተራቆተ ስለት ላይ እጀታ መሞረድ ጣት ያስከፍላል።

መሰንጠቅና መላግ

ሰሙን በሙቀት ሳይሆን በመሮ ወይም በስለት ፋቁት። መካከሉ ላይ በነጭ እርሳስ አስምሩ። የተለመደው እርሳስ ጥቁር ላይ አይታይም። እንጨቱን በሞርሳ (ጠረጴዛ ላይ በሚታሰር መያዣ) አጥብቃችሁ በመጋዝ ቀስ እያላችሁ ለሁለት ሰንጥቁት። በየጥቂት ደቂቃው አቁሙና መጋዙን ንኩት። ከሞቀ ዕረፍት ስጡት። ማሽን የምትጠቀሙም ስለቱ አዲስ ይሁን፤ እንጨቱን አትግፉት። የመቃጠል ሽታ ከመጣ እንጨቱ ውስጥ ስንጥቅ ተወልዷል ብላችሁ አስቡ።

ከሰነጠቃችሁ በኋላ ሁለቱን ቁራጮች ለጥቂት ቀናት አሳርፏቸው። ውስጣቸው አሁን ገና አየር አገኘ። ሊጣመሙ ይችላሉ፤ ቢጣመሙ አሁን ይሻላል። ብረት ላይ ከተጣበቁ በኋላ ግን መላው ይጠፋል።

መላጊያውን ከመያዛችሁ በፊት ስለቱን ሳሉት። ስትጨርሱም ሳሉት፤ መካከልም ላይ ሳሉት። ዞጲ ስለት ይበላል። የመላጊያው ምላጭ በጣም ጥቂት ብቻ ይውጣ። የሚወጣው ፍቅፋቂ እንደ ሌላው እንጨት ተጠቅልሎ አይወርድም፤ ብዙውን ጊዜ ተሰባብሮ ዱቄት ይሆናል። ስለዚህ አትደንግጡ። እንጨቱ ቦጨቅ ቦጨቅ ካለ መስመሩ እየተገለባበጠ ነው ማለት ነው። ያኔ መላጊያውን ተዉትና በመፋቂያ ብረት ወይም ጠፍጣፋ መስተዋት ላይ በተለጠፈ 120 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ጨርሱት። የምንፈልገው ከብረቱ ጋር የሚገጥመው ፊት ፈጽሞ ጠፍጣፋ እንዲሆን ነው። ብረቱ ላይ አስቀምጣችሁ ወደ ብርሃን አንሡት። በመካከል ብርሃን ካለፈ ገና ነው። ውፍረቱ 9 ሚሊ ሜትር ሲደርስ አቁሙ።

መብሳት

ብዙ ዞጲ የሚሰነጠቀው እዚህ ላይ ነው። ምክንያቱ መብሻው ሲሽከረከር የሚፈጥረው ሙቀት ነው።

አንዱን ቁራጭ ከብረቱ ጋር በሞርሴቶ ያዙት። ብረቱ ላይ ባሉት ቀዳዳዎች በኩል እንጨቱን ብሱ። ከሥር ሌላ ተራ እንጨት አድርጉ፤ መብሻው ሲወጣ ዳሩን እንዳይገነጥለው ነው። ትራፓኑን በዝግታ አዙሩት። ሁለት ሚሊ ሜትር ገባ በሉና አውጡት። ዱቄቱን አራግፉና መብሻውን አቀዝቅዙት። እንደገና ግቡ። ይህን የናቀ ሰው ነው የሚያጠፋው። አንዱ ቀዳዳ ሲያልቅ ዘንጉን እዚያው አስገቡበት፤ ቁራጩ ሳይንቀሳቀስ ሁለተኛውን ለመብሳት ይጠቅማል። ከዚያ ለሌላኛው ጎን እንዲሁ አድርጉ።

ዘንጉ ወደ ቀዳዳው በጣት ተገፍቶ መግባት አለበት። በመዶሻ ካልሆነ አልገባም ካለ ዘንጉን በብርጭቆ ወረቀት አቅጥኑት። ዞጲ ውስጥ በመዶሻ የሚገባ ነገር አይኖርም፤ ሚስማርም፣ ብሎንም ቢሆን መጀመሪያ ልኩ ተበስቶ ነው። መዶሻውን ከጠረጴዛው ላይ አንሡት።

ከማጣበቁ በፊት የሚረሳ ነገር

ወደ ስለቱ በኩል ያለውን የሁለቱን ቁራጮች ጫፍ አሁን ቅርጹን አስይዛችሁ እስከ መጨረሻው አለስልሱት። ከተጣበቀ በኋላ እዚያ ቦታ ላይ ሞረድም ሆነ ወረቀት ካስገባችሁ ብረቱን ትጫጭሩታላችሁ። ሁለቱን በዘንጎቹ አያይዛችሁ አንድ ላይ ብትሞርዱ እኩል ይወጣሉ።

ማጣበቅ

ተራው ነጭ የእንጨት ኮላ እዚህ አይሆንም። ብረትና እንጨት አያጣብቅም። የምንጠቀመው ኤፖክሲ ነው። በአምስት ደቂቃ የሚደርቀውን ሳይሆን 24 ሰዓት የሚፈልገውን ግዙ። ሁለት ቁራጭ፣ ሁለት ወይም ሦስት ዘንግና አራት ሞርሴቶ በአምስት ደቂቃ ማስተካከል ጭንቀት ነው። ቀስ ብሎ የሚደርቀው ደግሞ ይጠነክራል።

ሁለቱም እንጨቶች፣ በተለይ ምፒንጎ፣ ቅባትነት አላቸው። ቅባቱ በጊዜ ወደ ፊት ይወጣና ኮላውን ያስለቅቀዋል። ስለዚህ የሚጣበቀውን ፊት በዚያው ሰዓት በ120 ወረቀት አድሱት። ንጹሕ ጨርቅ አሴቶን አጥቅሳችሁ ጥረጉት። ጨርቁ ይጠቁራል። ቀይሩና ድገሙ። አሴቶኑ እስኪተን ጥቂት ጠብቁና ወዲያው ኮላውን ቀቡ። ለነገ አታቆዩት። ብረቱንም በዚሁ በአሴቶን ጥረጉ። አሴቶን እሳት ይወዳል፤ ሲጋራም ምድጃም አጠገብ አይሁን።

ኤፖክሲውን እኩል ለእኩል በደንብ አማስሉ። ሁለቱንም ፊት፣ የቀዳዳዎቹን ውስጥና ዘንጎቹን ቀቡ። አገጣጥሙና ሞርሴቶውን አስገቡ። ሲጠብቅ ኮላው በዳር ዳር ትንሽ መውጣት አለበት። ከዚያ በላይ አታጥብቁት። በጣም ከጠበቀ ኮላው ሁሉ ተጨምቆ ይወጣና መካከሉ ባዶ ይቀራል። በስለቱ በኩል የወጣውን ሳይደርቅ በአልኮል ጥረጉ። ከዚያ እስከ ማግሥቱ አትንኩት።

ቅርጽ ማስያዝ

በሻካራው ሞረድ ጀምሩ። መጀመሪያ ጀርባና ሆዱን ከብረቱ ጋር እኩል አድርጉ። ከዚያ ማዕዘኖቹን አንሡ። በየጊዜው በእጃችሁ ያዙትና ሽንኩርት እንደምትከትፉ ሞክሩት። እጅ የሚነግራችሁን ዓይን አይነግራችሁም። የሚቆረቁር ቦታ ካለ እዚያ ቦታ ብቻ ሁለት ሦስት ጊዜ ሞርዱ።

የናሱን ዘንግ ትርፍ በመጋዝ ቆርጣችሁ በለስላሳው ሞረድ ከእንጨቱ ጋር እኩል አድርጉ። ቀስ በሉ። ናስ ሲሞረድ ይሞቃል፤ ሙቀቱም በቀጥታ ዙሪያውን ወዳለው ዞጲ ይሄዳል። በኤሌክትሪክ ማለስለሻ ዘንግ ላይ መቆም የቀዳዳውን ዙሪያ መሰንጠቅ ነው።

ማለስለስ

ጥቁር እንጨት ምሕረት የለውም። በነጣ ያለ እንጨት ላይ የማይታይ ጭረት እዚህ ግራጫ መስመር ሆኖ ይወጣል። 120፣ 180፣ 240፣ 320፣ 400፣ 600፣ 800፣ 1000፤ አንዱንም አትዝለሉ። ወደ ሚቀጥለው ቁጥር ከማለፋችሁ በፊት ብናኙን ጥረጉና መብራት ከጎን አብርታችሁ እዩ። የቀደመው ወረቀት ጭረት ካለ እዚያው ቆዩ። ከ400 ጀምሮ በእንጨቱ ርዝመት ብቻ አሹ። 600 ላይ ስትደርሱ ማብራት ይጀምራል። 1000 ላይ ፊታችሁን ልታዩበት ትደርሳላችሁ፤ ገና ምንም ሳትቀቡት።

ዞጲን ነጣ ካለ እንጨት ጋር አጣምራችሁ የምትሠሩ ከሆነ፣ ሣጥን ላይ ጌጥ ስታስገቡ ለምሳሌ፣ የብርጭቆ ወረቀት አትጠቀሙ። ጥቁሩ ብናኝ ነጩ እንጨት ቀዳዳዎች ውስጥ ይገባና ቆሻሻ ያስመስለዋል። እዚያ በመፋቂያ ብረት ነው የሚሠራው።

መቀባት

ቫርኒሽ አያስፈልገውም። በእኔ አስተያየት ቫርኒሽ የተቀባ ዞጲ ፕላስቲክ ይመስላል፤ ይህን ሁሉ የለፋንበት ነገርም ይጠፋል። ንጹሕ የንብ ሰምና የተልባ ዘይት ይበቃል። አንድ እጅ ሰም ለሦስት እጅ ዘይት አድርጋችሁ ጣሳ ውስጥ ጨምሩ። ጣሳውን የፈላ ውሃ ያለበት ድስት ውስጥ አስቀምጡት። በቀጥታ እሳት ላይ አይጣድ። ሰሙ ሲቀልጥ አማስሉና አቀዝቅዙት። እንደ ቅባት ይረጋል።

በጨርቅ በጣም ስስ አድርጋችሁ ቀቡት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ በደረቅ ጨርቅ አጥብቃችሁ አሹ። ዞጲ ብዙ አይጠጣም፤ የተረፈው ላዩ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ምፒንጎ ላይ ደግሞ የእንጨቱ የራሱ ቅባት የተልባው ዘይት እንዳይደርቅ ስለሚከለክል ሰሙን ብቻ ብታሹበት ይሻላል። የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ተጨማድዶ ከተጣለ በራሱ ጊዜ ሊቀጣጠል ይችላል። ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት።

ቢላው ከዚህ በኋላ በእጅ ታጥቦ ወዲያው ይደረቃል። ውሃ ውስጥ አይዘፈዘፍ፣ ዕቃ ማጠቢያ ማሽን ውስጥም አይግባ። ሲደበዝዝ ጥቂት ሰም አሹበት።

የተረፈችውን ቁራጭ

አትጣሏት። ጣት የምታክል ዞጲ ለማሲንቆ መቃኛ፣ ለሣጥን መክፈቻ፣ ለጆሮ ጌጥ፣ ለትንሽ የአንገት መስቀል ትሆናለች። ቶርኖ (እንጨት እያሽከረከረ የሚቀርጽ ማሽን) ያለው ሰው ደግሞ የብዕር ቀፎ ያወጣባታል። ጫፍ ጫፏን ሰም ቀብታችሁ፣ ስሟንና የገዛችሁበትን ቀን ጽፋችሁ፣ ከደረሰኙ ጋር አስቀምጧት።

ዞጲ ካላገኛችሁ

አገር ቤት ሕጋዊ ዞጲ ማግኘት ቀላል አይደለም። ለሣጥን፣ ለፍሬም፣ ለወንበር ጌጥ ሌላ እንጨት ማጥቆር ይቻላል፤ አሠራሩም ቀላል ነው። ውሃ ለሚነካው ቢላ ግን አልመክረውም።

አንድ እፍኝ የብረት ሱፍ ወይም የዛገ ሚስማር ብርጭቆ ማሰሮ ውስጥ አድርጋችሁ ነጭ ኮምጣጤ ሙሉበት። ለዕቃ ማጠቢያ የሚሸጠው የማይዝግ ሽቦ አይሠራም። ክዳኑን አታጥብቁት፤ ጋዝ ያወጣል። ከጥቂት ቀን እስከ ሳምንት አቆዩትና በጨርቅ አጥልሉት። ይህ የብረት ውሃ እንጨቱ ውስጥ ካለው ታኒን ጋር ሲገናኝ ይጠቁራል። ታኒን ማለት ቆዳ ለማልፋት የግራር ልጥ እንዲያገለግል የሚያደርገው ነገር ነው። የእናንተ እንጨት ታኒኑ አነስተኛ ከሆነ በጣም የወፈረ ጥቁር ሻይ አፍልታችሁ መጀመሪያ እሱን ቀቡት። ይድረቅ። ውሃው የሚያስነሣውን ሻካራ በ320 ወረቀት ቀስ ብላችሁ አንሡ። ከዚያ የብረቱን ውሃ በብሩሽ ቀቡ። በደቂቃዎች ውስጥ ሲጠቁር ታያላችሁ።

ዋንዛም ይሁን ሌላ እንጨት መጀመሪያ ቁራጭ ላይ ሞክሩ፤ አንዱ ጥቁር፣ ሌላው ግራጫ ወይም ሰማያዊ ሊሆን ይችላል። ካልጠቆረ ሻዩንና ብረቱን ድገሙት። ቀለሙ ከላይ ብቻ ስለሆነ ቅርጽና ማለስለሱ ሁሉ ማለቅ ያለበት ከመቀባቱ በፊት ነው። አንድ ቀን ሙሉ ካደረቃችሁት በኋላ በተልባ ዘይት ዝጉት፤ ድፍኑ ጥቁር የሚወጣውም ያኔ ነው።